ጡረታ ከቢሮ እንጂ ከሥራ አይደለም

ስለ ትዳር በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው አዲስ ጎጆ የወጡ ወጣቶች ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ልጆቻቸውን ለወግ ማዕረግ አብቅተውና ከመንግሥት ሥራ ተሰናብተው ቤት ስለሚውሉ ባልና ሚስት ጥቂት እንድንወያይ ወደድን።

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ጡረታ ሲመጣ በየቤቱ የሚታይ ነገር አለ። ባል ከቢሮ ይመለስና ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ሚስት ግን መምህርትም ትሁን ነርስ፣ ከመንግሥት ሥራዋ ብትሰናበትም ከጓዳዋ ጡረታ የሚያወጣት የለም። እንዲያውም ባል ቤት ሲውል የእርሷ ሥራ ይጨምራል። በዚህ መሐል ሁለቱም በሠላሳና በአርባ ዓመት ያካበቱት ዕውቀት እንደ ክት ልብስ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ይህ የግድ እንዳልሆነ ከሚያስረዱን አንዱ የወይዘሮ ሪታና የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ትዳር ነው። የሕይወት ሥራቸው ከጎንደር መጻሕፍት ጋር የተሳሰረ ስለሆነም ታሪኩ እኛን ይመለከታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም የተወለዱት በ1927 ነው። ሪታ በሩማንያ፣ ያሺ በምትባል ከተማ ተወልደው በ1938 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ገቡ፤ በኦክስፎርድም ተማሩ። ሪቻርድ ደግሞ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜም በጋዜጣቸው ለኢትዮጵያ የተሟገቱት የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ ናቸው። እናትና ልጅ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሪታም ተከትለው መጥተው በ1957 እዚሁ ተጋቡ።

ልብ በሉ፤ ሪታ የመጡት የባላቸውን ቤት ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዙ፤ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ። ሪቻርድ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ሲልቪያ በ1960 ሲያርፉ፣ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት ባልና ሚስቱ አብረው ማዘጋጀታቸውን ቀጠሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ሁለት ልጆች አሳድገዋል።

የጎንደር ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወስደው በመድኃኔ ዓለም ስም ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን አኖሯቸው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዘረፋው 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች የተጫኑት ነበር። ደላንታ ሜዳ ላይም በሐራጅ ተሸጠ። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የጎንደር ቀሳውስት የደገሟቸው መጻሕፍት ከነዚህ ውስጥ አሉ።

ወይዘሮ ሪታ በ1973 ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ጥናት ጽፈው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የጥናት መጽሔት አሳተሙ። መጽሐፍ ከየት መጣ፣ የት ደረሰ ብሎ መመርመር የቤተ መጻሕፍት ሰው ሙያ ነው። የተወሰደብንን ይመልሱልን ለማለት አስቀድሞ ምን እንደተወሰደ ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ቤተሰቡ በ1976 ወደ ለንደን ተመለሰ። ሪቻርድ በሮያል ኤሺያቲክ ሶሳይቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ። ሪታም የአንድ ፖሊቴክኒክ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ኃላፊ ሆነው፣ በሴቶች ታሪክ ስብስቡ የታወቀውን የፎሴት ቤተ መጻሕፍት በሥራቸው ያዙ።

ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ሌላው ሰው ዕረፍት በሚመኝበት ዕድሜ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሪቻርድ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ያለ መታከት ተከራከሩ። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆመ። በ1999 ደግሞ የመቅደላን ቅርሶች ለማስመለስ የተነሣው አፍሮሜት የተባለው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ2002 ከኤዲንብራ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ አንድ ታቦት ለአገሩ በቃ።

ሪታም በባላቸው ሥራ ጥላ ሥር አልተቀመጡም። ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጻፉ። የስሜኑ የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ከሆኑት ከእቴጌ ጣይቱ በፊት ስለነበሩት ስለ ንግሥት እሌኒ፣ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ ባቲ ድል ወንበራም ጥናት አቀረቡ። በ2013፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስት ገደማ ሲደርስ፣ የመጀመሪያ ዓመታት ትዝታቸውን ባልና ሚስቱ በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሪቻርድ በ2017 ዐረፉ። በመጋቢት 2019 የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደን ሲመለስ እርሳቸው አላዩም። ወይዘሮ ሪታ ግን ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በዚያው ዓመት በግንቦት ነው።

«እነርሱ የተማሩ ፈረንጆች ናቸው፤ ዕድሉም አቅሙም ነበራቸው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። ከእነርሱ የምንማረው ግን አገር ለአገር መዞሩን አይደለም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙያ ነበራቸው፤ የአንደኛው ዕውቀት ለሌላው ክርክር ስንቅ ሆነ፤ ጡረታም ያንን አላቋረጠውም። ይህን ለማድረግ ኦክስፎርድ መማር አያሻም።

እንግዲህ ጡረታችሁ የቀረበ ባልና ሚስት፣ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ወንድሞች ሆይ፣ ቤት ከዋላችሁ የቤቱን ሥራ ተካፈሉ፤ ባለቤታችሁም የምታነብበትና የምትጽፍበት ሰዓት ይኑራት። መምህርት የነበረች የጎረቤት ልጆችን ታስጠና፤ አዋላጅ ነርስ የነበረች የደጋውን እናቶች ታማክር። ሁለታችሁም ያያችሁትን በደብተር አስፍሩ። በቤታችሁ የአያት የቅድመ አያት ብራና ካለ ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁት፤ ለማታውቁትም ሰው አትሽጡት፤ ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው።

እህቶች፣ ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ቃል ከእናንተ ይጠበቃል። «እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ?» አትበሉ። የጎንደር ብራናዎች የት እንደገቡ ፈልጎ ለማግኘት ከደከሙት መካከል አንዷ መጽሐፍ በመደርደር ሙያ የኖረች ሴት እንደነበረች አስታውሱ። ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ ገና በለንደን ናቸው፤ ቀሪው ሥራ ሠራተኛ ይፈልጋል።