ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመው ልኬት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የፔንዱለም ሙከራ ሪፖርት ስናርም ዘወትር የሚያስገርመን ነገር አለ። ክሩ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ሰዓቱ በትክክልም ይያዝ በስሕተት፣ የመሬት ስበት ዋጋ ሁልጊዜ 9.8 ሆኖ ይመጣል። 9.4 ያገኘ ተማሪ መጽሐፉን አይቶ ቁጥሩን «ያስተካክላል»። ይህ ቀላል ጥፋት ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ሳይንስ የሚጀምርበትን ቦታ ያጠፋል።

ለዚህ ምስክር የምንጠራው ሮዛሊን ያሎውን ነው። ያሎው እ.ኤ.አ. በ1945 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኑክሌር ፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች፤ ከ1950 ጀምሮም በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ከሐኪሙ ሰለሞን በርሰን ጋር መሥራት ጀመረች። በዚያን ጊዜ በጎልማሳነት የሚመጣው የስኳር በሽታ መንስኤ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ነው የሚል መላ ምት ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የተያያዘበትን ኢንሱሊን በሰዎች ደም ውስጥ ተከታተሉ።

ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ቀደም ሲል ኢንሱሊን ሲወጉ በቆዩ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ሆርሞኑ ቶሎ አልጠፋም፤ ይልቁንም ዘገየ። ምክንያቱም ሰውነታቸው ከእንስሳት የተወሰደውን ኢንሱሊን እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ የተባለውን የመከላከያ ፕሮቲን አምርቶበት ነበር። ኢንሱሊንን የመሰለ ትንሽ ሞለኪውል አንቲቦዲ ሊያስነሣ አይችልም ተብሎ ይታመን ስለነበር ጽሑፋቸው በ1955 ተቀባይነት አጣ። በ1956 በሌላ መጽሔት የታተመውም ይህን ስያሜ ከርዕሱ ካወጡ በኋላ ነው።

ያሎውና በርሰን ግን ልኬታቸውን አልሰረዙም፤ ይልቁንም መለኪያ አደረጉት። ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። አሥራ ሁለት መቀመጫ ያለው አንድ ታክሲ አለ እንበል። ቁጥራቸውን የምናውቃቸው ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ተሳፋሪዎች፣ ቁጥራቸውን ከማናውቃቸው ባለ ኮፍያ ካልሆኑ ሰዎች ጋር ይጋፋሉ። ታክሲው ሲሞላ የተቀመጡትን ቀይ ኮፍያዎች ብቻ ብንቆጥር፣ የማናውቃቸው ሰዎች ብዛት ይገመታል፤ እነርሱ ሲበዙ ቀዩ ይቀንሳልና። መቀመጫው አንቲቦዲ፣ ቀይ ኮፍያው ራዲዮአክቲቭ ምልክት፣ የማይታወቀው ሕዝብ ደግሞ የሕመምተኛው ሆርሞን ነው። በዚህ ዘዴ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለ፣ ከግራም አንድ ቢሊዮንኛ ያነሰ ኢንሱሊን ተለካ።

ፍሬውም ብዙ ነበር። በጎልማሳነት የስኳር በሽታ የያዛቸው ብዙ ሰዎች ኢንሱሊን ያላጡ፣ እንዲያውም ከጤነኛው ሰው የበለጠ ያላቸው መሆናቸው ታወቀ፤ ችግሩ ሰውነታቸው ለሆርሞኑ በሚገባ አለመታዘዙ ነው። ዘዴው ወደ ደም ግፊት ምርምርም ተሻገረ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ከመጠን በላይ ሲያመነጩ ሰውነት ጨው ያከማቻል፤ ግፊትም ይጨምራል። ይህ ሆርሞን ሲለካ ሐኪሙ የግፊቱ ምንጭ ዕጢው መሆኑን ለይቶ በቀዶ ሕክምና ወይም ሆርሞኑን በሚቃወም መድኃኒት ሊያክም ይችላል።

ሁለቱ ሰዎች ዘዴውን በባለቤትነት አላስመዘገቡትም። በርሰን በ1972 በማረፉ፣ ያሎው የ1977ን የኖቤል ሽልማት ያለ እርሱ ተቀበለች። ዛሬ ራዲዮአክቲቩን ምልክት በአብዛኛው ኢንዛይምና ብርሃን ሰጪ ኬሚካሎች ተክተውታል፤ የግፊያው መርህ ግን አልተሻረም።

ጥፋቱ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። ለ9.8 ሙሉ ነጥብ፣ ለ9.4 ግማሽ የምንሰጥ መምህራን ተማሪው ቁጥሩን እንዲሰርዝ አስተምረነዋል። ስለዚህ ነጥቡ ለቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለሚሰጠው ማብራሪያ ሊሆን ይገባል እንላለን። እናንተም ተማሪዎች፣ ያነበባችሁትን ጻፉ፤ ካልገጠመም ከስሩ ምክንያቱን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የራሳችሁን ስሕተት ይሆናል፤ እርሱም ትምህርት ነው። አልፎ አልፎ ግን የተሳሳተው መጽሐፉ ሊሆን ይችላል።