ገዳዩን ከአባራሪው እንለይ

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ለአንድ ቃል ብለሽ ነው ገጽ የምትይዢው?» የምትሉ አትጠፉም። ይቺ ቃል ግን እኔን ሆስፒታል ልታስተኛኝ ነበር።

ቤይሩት በመጣሁ በዓመቱ ነው። የሐምሌ ሙቀት ነው፣ የምተኛው ከኩሽናው ጀርባ ያለችው በረንዳ ላይ፣ ቢንቢው ደግሞ አያስተኛም። ማዳም ለልጆቹ ማታ ማታ እግራቸው ላይ የሚነፋ ነገር ስትነፋላቸው አይ ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ የቢንቢ ሥዕል ያለበት ጣሳ አገኘሁ። ያው ነው ብዬ እግሬን፣ ክንዴን፣ አንገቴን ሳይቀር ነፋሁት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ቆዳዬ ተቃጠለ፣ ራሴ ዞረ፣ ሊያስመልሰኝ ደረሰ።

ላይኛው ፎቅ ያለችውን ያገሬን ልጅ በበረንዳው ጠራኋት። «ጣሳው ላይ ምን ይላል?» አለችኝ። ማንበብ ስለማልችል ፊደሉን ቆጠርኩላት፤ ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል። «ውይ የኔ እህት! ኪል እኮ ነው! ገዳዩን ነው የተቀባሽው! ልብስሽን አውልቂ፣ ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቢ!» አለችኝ። ታጠብኩ፣ ንጹሕ አየር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተረፍኩ።

የልጆቹ ጠርሙስ ላይ የነበረችው ቃል ሌላ ናት፤ ሪፔለንት። በአር፣ ኢ፣ ፒ ትጀምራለች። ትርጉሟ የሚያባርር፣ የሚያርቅ ማለት ነው። ቄሶቻችን የሚይዙትን ጭራ አስቡት። ጭራ ዝንቡን ዞር ያደርገዋል እንጂ አይገድለውም። ሪፔለንትም እንደዚያው ነው፤ ሰው ገላው ላይ ይቀባዋል፣ ቢንቢዋም ሳትነክስ ትሄዳለች። ሌላው ኢንሴክቲሳይድ ይባላል፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ሳይድ» ገዳይ ማለት ነው። እሱ ለግድግዳ፣ ለጥግና ለበረሮ ጉድጓድ ነው፣ ገላ አይነካም።

ዐረብኛውም ለይቶታል። የሚያባርረው ታሪድ ነው፣ የሚገድለው ሙቢድ ነው። ማዳም ጣሳ ሰጥታችሁ «ሩሺ!» ስትላችሁ፣ «ማዳም፣ ሀይዳ ታሪድ ወላ ሙቢድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ ድፍረት አይደለችም። ሙቢድ ከሆነ ምግቡን ክደኑ፣ ልጆቹን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን ታጠቡ፤ የምትተኙበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ሽታው ሳይወጣ አትተኙ።

ታሪድም ቢሆን ወግ አለው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ዲት ይባላል። ከልብስ ሥር አይቀባም፣ ቁስል ላይ አይቀባም፣ ልጆች እጃቸውን ስለሚጎርሱ መዳፋቸው ላይ አይደረግም። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ጭራሽ አይሆንም። ወደ ቤት ሲገባ ይታጠባል። ሕፃን ለምንጠብቅ ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የምንጠየቀው እኛ ነን።

ቃሏ ሌላ ቦታም ትገኛለች። የዝናብ ጃኬት ላይ «ውሃ ሪፔለንት» ካለ፣ ውሃው ከላይ ይንከባለላል እንጂ ቶሎ አይገባም ማለት ነው። በልብስ ማለስለሻ ካጠባችሁት ግን ይበላሻል፣ ስድቡም ለናንተ ነው። ሰው ስለ ሰው ከተናገራት ደግሞ አስጸያፊ ማለት ነው። ስለ እናንተ ስትባል ከሰማችሁ፣ ምን እንደተባላችሁ እወቁ።

አሁን የልቤን ልናገር። «ማንበቡ የማዳም ሥራ ነው፣ እኔ የታዘዝኩትን እሠራለሁ» የሚሉ እህቶች አሉ። እሑድ ዐረብኛ ብቻ እንማር፣ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል የሚሉም አሉ። ድካማቸው ይገባኛል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ከተገኘ፣ ማን ፊደል መቁጠር ያምረዋል? ግን አልስማማም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። የያዝነው ጣሳ ምን እንደሆነ ሊያይልን የሚመጣ ተቆጣጣሪ የለም። ያለን የራሳችን ዓይን ነው።

ደግሞ ነገሩን አስቡት። ዐረብኛው ታሪድ የመጣበት ቃል ሠራተኛን ከቤት ማስወጣትም ነው። በኛም ቋንቋ ያው ነው፤ ዝንብም ይባረራል፣ ሠራተኛም ይባረራል። በ2020 ኮሮናና የዶላሩ ችግር ሲመጣ፣ ስንት እህቶቻችንን አሰሪዎቻቸው ሻንጣቸውን አስይዘው ሐዝሚየ ያለው ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ያንን የሚረሳ የለም። እኛን ማባረር እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ ቢያንስ መርዙን ከእኛ ማባረር እንወቅበት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት የምትሠሩበት ቤት ያለውን ጣሳና ጠርሙስ ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የፊቱንም የጀርባውንም። እሑድ አምጡት፣ አብረን እናንብበው። ማንበብ የማትችልም ትምጣ፤ እኔም የጀመርኩት ከኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል ነው። አንዷን መርዝ ቢነካት ደግሞ ጣሳውን ሳትጥሉ ይዛችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው።

በደህና ያገናኘን።