«ጀግና» ያልናት ነርስ እንቅልፍ ካጣችስ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ልጅዎ ትኩሳት ወይም ስለ ደም ግፊትዎ አይደለም። እርስዎን ስለሚያክሙት ሰዎች ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ሲገኝ የሆነውን ያስታውሱ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ተለየ፤ ቆየት ብሎ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት ማከሚያ ሆነ። እዚያ የሚሠሩ ብዙዎች ፈረቃቸውን ጨርሰው ቤታቸው አይገቡም ነበር። ልጃቸውን የሚያዩት በስልክ ነው። መከላከያ ልብሱን ቶሎ ቶሎ ማውለቅ ስለማይቻል ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ «ሆስፒታል ትሠሪያለሽ፣ በሽታ ታመጪብናለሽ» ተብለው ከተከራዩት ቤት እንዲለቁ የተጠየቁም አሉ።

እኔን ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መርዶው ነው። በእኛ ባህል መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ባለበት ነው የሚነገረው። በዚያን ጊዜ ግን አንዲት ወጣት ነርስ ብቻዋን ስልክ አንስታ «እናትዎ አርፈዋል» ትላለች። ወዲያው ደግሞ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ለእሷስ ማን ተቀመጠላት?

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሞተዋል። የተረፉት ባልደረቦቻቸውን ቀብረው ነው ሥራ የገቡት።

እኛ ያደረግነው «ጀግኖቻችን» ማለት ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ቃል ከጠቀመው ይልቅ የጎዳው ይበልጣል። ጀግና ደግሞ ደከመኝ ይላል? ፈራሁ ይላል? ሠራተኛው ራሱ እርዳታ እንዳይፈልግ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ፤ «አማኑኤል ታየ» እንዳይባል ይሰጋል። ካርዱን የሚያወጣው ሰው የሚያውቀው ነው፣ ሐኪሙም የክፍል ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምስጢሩ የሚጠበቅበት፣ ከሚሠራበት ተቋም ውጭ የሆነ አገልግሎት ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት ግን እረፍት! ዲዩቲ ላይ አድሮ በማግስቱ ለሚውል ሰው «የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና» መስጠት ቀልድ ይመስለኛል።

ይህ እርስዎን ምን አገባዎት? የተዳከመ ባለሙያ መድኃኒት ሊሳሳት ይችላል፤ የልጅዎን ሕመም ሲያስረዱትም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ስድብና ማመናጨቅ ይታገሱ ማለቴ አይደለም። መብትዎ ነው፣ ለሜትረኗ ያመልክቱ። ብቻ እጅ አያንሱ፣ አይሳደቡ። ያልገባዎትን «እባክሽ እህቴ፣ ድገሚልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰጠውን መድኃኒት ስምም ይጠይቁ።

ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ የጤና ባለሙያ ከሆነስ? ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ለመተኛት መጠጥ ወይም ኪኒን ከጀመረ «ያልፋል» ብለው አይተዉት። ኮሮና ጋብ ካለ በኋላም ይህ ሊመጣ ይችላል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ብቻውን አይተዉት፤ በዕለቱ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። የሚሠራበት ሆስፒታል ካልሆነ እሺ ማለቱ ሳይቀልለው አይቀርም።