ሳይጫወቱት የተፈረደበት ጨዋታ

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይሉ የለም አበው? ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2015 «ሜትሮይድ ፕራይም፦ ፌዴሬሽን ፎርስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሲያስተዋውቅ የሆነው ይኸው ነው። የሜትሮይድ ወዳጆች ከ2010 ወዲህ አዲስ ጨዋታ ሳያዩ ቆይተው ጀግናዋን ሳመስን ሲጠብቁ፣ በእርሷ ፈንታ ስም የለሽ ወታደሮች መጡባቸው። ተቆጡ። ጨዋታው ገና ሳይወጣ ይሰረዝ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ።

በ2016 ወጣ፤ እኔም ተጫወትኩት። ለብቻ ሲሆን ይከብዳል፣ ያሰለቻልም፤ ይህን አልሸፍንም። አራት ሆነው ሲገቡበት ግን ሌላ ነው። ሚሳይሉና መጠገኛው የተመጠነ ስለሆነ፣ ማን ምን እንደሚይዝ ከዘመቻው በፊት መመካከር ግድ ይላል። አንዱ ጠላትን ሲያዘናጋ ሌላው የተጎዳውን ይጠግናል። የመጫወቻው የኒንቴንዶ ስሪ ዲ ኤስ የኢንተርኔት አገልግሎት በ2024 ስለተቋረጠ፣ ዛሬ ይህን ለማየት ጓደኞችን አንድ ክፍል መሰብሰብ ያስፈልጋል።

«የሜትሮይድ መቃብር ነው» ብለው የፈሩም ነበሩ። ሳመስ ግን በ2017ም በ2021ም በአዳዲስ ጨዋታ ተመለሰች፤ የተቀበረ የለም። እንግዲህ ፍርድ ካስፈለገ፣ ባልሆነው ሳይሆን በሆነው ይፈረድበት። ሦስት ጓደኛ ያለው ይሞክረውና ይፍረድ!