የማሠልጠኛውም ውጤት ለሕዝብ ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች ያለውን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በየዓመቱ ሲነገር አገር ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 ብቻ እንደ ነበሩ ተገለጸ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ መሆናቸውንም ሰምተናል። ይህ ሳይደበቅ መነገሩ መልካም ነው፤ በመምህርነቴ ቢያሳፍረኝም አልነቅፈውም። ነገር ግን ተማሪው ወደቀ፣ ትምህርት ቤቱ ወደቀ፣ መምህሩ ሰነፈ ከተባለ በኋላ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። መምህሩን ማን አሠለጠነው? እንዴትስ አድርጎ አሠለጠነው? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ አንባብያን አንድ ነገር ታዘቡልኝ። አንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ መቶ ወንበርና ሁለት የፎቶ ኮፒ ማሽን ለመግዛት ሲያስብ የጨረታ ማስታወቂያ በጋዜጣ ያወጣል፤ የወንበሩ እግር ከምን እንደሚሠራ ሳይቀር ይዘረዝራል፤ ይህን ባያደርግ ኦዲተር ይጠይቀዋል። ይኸው ኮሌጅ መቶ መምህራን ሲያስመርቅ ግን የምናነበው ማስታወቂያ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚለውን ብቻ ነው።

የሥልጠናው ልብ በእውነተኛ ክፍል ውስጥ የሚደረገው የማስተማር ልምምድ ነው። ሠልጣኙ ወደ ትምህርት ቤት ይላካል፤ ነባር መምህር ይመደብለታል፤ ከማሠልጠኛውም ተቈጣጣሪ እየመጣ ሲያስተምር ያየዋል፣ ያርመዋል። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ነባሩ መምህር ሥራ የበዛበት ስለ ሆነ ዕፎይ ብሎ ክፍሉን ያስረክባቸውና ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ተቈጣጣሪው በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ከበሩ አጠገብ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ፎርሙን ሞልቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ለአራት ሠልጣኞች በአንድ ጧት ነጥብ ተሰጠ፤ ከአራቱ አንዷ ግን በዚያ ቀን ታማ ቀርታ ነበር። ለእርሷም ተሰጣት፤ ያውም ደኅና ነጥብ። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ሲቀጠር ርእሰ መምህርቷ ለብዙ ቀናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዳምጡት ነበር፤ እኛ ልጆቹም ሲያልበው እያየን እንሥቅ ነበር። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲህ ነበር ማለቴ ግን አይደለም።

ሥርዓቱም በየጊዜው ተለዋውጧል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ተብሎ ልምምዱ እንዲበዛ ተደረገ፤ ከዚያም ያ ቀርቶ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጀመሪያ በትምህርት ዐይነቱ ዲግሪ፣ ቀጥሎም የማስተማር ሙያ ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ እንዲይዝ ተወሰነ፤ እኔም ያለፍሁት በዚህ ነው። አንዱ በሌላው ሲተካ የፊተኛው ምን እንዳፈራና በምን እንደ ጐደለ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የተነገረበትን ጊዜ አላስታውስም።

እንግዲህ የምለው እያንዳንዱ ማሠልጠኛ በየዓመቱ አንድ ገጽ ያውጣ ነው። በምን ውጤት ስንት ሠልጣኝ እንደ ተቀበለ፣ ስንቱ እንደ ጨረሰ፣ ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደ ሆነ፣ አንድ ሠልጣኝ ሲያስተምር ስንት ጊዜ እንደ ታየ ይጻፍበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ ይህን ፈተና ለሚሰጡት ማሠልጠኛዎች ስንቱ እንዳለፈ ይጨመርበት።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ «ይህ ኮሌጆቹን ማዋረድ ነው፤ ጐበዝ ተማሪ አሁንም መምህርነትን አይመርጥም፣ ጕድለቱ ቢነገርማ ማን ይገባል?» ይሉኛል። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ተቀብሎ ብዙ የደከመ ኮሌጅ፣ የተመረጡትን ከተቀበለው ጋር በአንድ ቍጥር ቢመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። የመግቢያው ውጤት ከመውጫው ጐን ይጻፍ የምለውም ስለዚሁ ነው፤ ያን ጊዜ የደከመው ማን እንደ ሆነ ይታያል። ዝም ከተባለ ግን ደኅናውም ኮሌጅ ከመጥፎው ጋር አብሮ ይታማል።

ሕጉም አያግድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 590ም ሕዝብ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ኮሌጆቹ በክልል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በፌዴራል መንግሥት ሥር ስለ ሆኑ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቅጽ ይስማሙ፤ ቍጥሩ እንደ ሆነ በየሬጅስትራሩ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል ያን ቅጽ አዘጋጅተው ለፊርማ ማቅረብ የሚችሉ ሰዎች እንዳሉ ስለማምን ነው የጻፍሁት።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከነቀምት