ከስሞከሩ በፊት ቴርሞሜትሩ

ሥጋን በዝቅተኛ ሙቀትና በጭስ ለሰዓታት ማብሰል አሜሪካ ውስጥ የበጋ ወግ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለግቢያቸው ስሞከር የሚባለውን የጭስ ምድጃ ሲያማርጡ ዋጋው ከመቶ ጥቂት ከፍ ካለ ዶላር ተነስቶ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ሻጩም ገዢውም ውድ ዕቃ የተሻለ ሥጋ ያወጣል ብለው ይነሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት ለጥሩ ቴርሞሜትር ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ክዳንና የአየር መቆጣጠሪያ ላለው ተራ የከሰል ምድጃ። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆርጅ ስቲቨን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ሠራተኛ የባሕር ላይ ተንሳፋፊ ምልክት ለሁለት ከፍሎ የፈለሰፈው ክብ ምድጃ እስከ ዛሬ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ምክንያቱን ፍርምባ ያስረዳል። ከብቱ ክብደቱን የሚሸከምበት ክፍል ስለሆነ ኮላጅን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሞላ ነው። ይህ ፕሮቲን ቀልጦ ሥጋው የሚለሰልሰው ምድጃው ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆይና የሥጋው መሀል ወደ 95 ዲግሪ ሲደርስ ነው። መሀል መንገድ ላይ፣ 70 ዲግሪ አካባቢ፣ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ለሰዓታት ይቆማል። ላብ ሰውነትን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ከሥጋው ላይ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን እየወሰደበት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በዚህ ሰዓት እሳቱ የደከመ መስሎት ከሰል ይጨምራል፣ ሥጋውም ውጪው ይደርቃል። ያለው ግን ይታገሣል፣ ወይም ሥጋውን በወረቀት ይጠቀልላል። በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛ ምድጃም ከዚህ ጥበቃ አያድንም። ክዳኑ ላይ የተገጠመው መለኪያ የሚነግረን የክዳኑን ሥር አየር እንጂ ሥጋው የተኛበትን ቦታ ሙቀት አይደለም፤ ስለዚህ ለብቻው የሚሰካ ያስፈልጋል።

ጭሱም ቢሆን ከዕቃው ይልቅ በእንጨቱና በአየሩ ይወሰናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መካከለኛው ቴክሳስ የገቡ ጀርመናውያንና ቼኮች ሥጋ ቤታቸው ውስጥ ያልተሸጠውን ሥጋ በጭስ አብስለው ይሸጡ ነበር፤ የነበራቸው ጡብና የኦክ እንጨት ነው። የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥኑ እናቶቻችን የእንጨት ምርጫን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሙጫ የበዛበት እንጨት ሥጋን ያመርራል። ጥሩ እንጨትም አየር ካጠረው ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፤ የሚፈለገው ስስ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነው።

ሁሉን ራሱ የሚሠራ፣ የተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ በኤሌክትሪክ እየመገበ ሙቀቱን የሚጠብቅ ምድጃ እያለ ለምን እንድከም የሚል አለ። ሌሊቱን ሆስፒታል ስትሠራ ለምታድር ነርስ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ገንዘቡም ላይባክን ይችላል። ነገር ግን የተገዛው ጠባቂ እንጂ ጣዕም አይደለም። የጭሱ ጣዕም ይደክማል፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። የዶሮው መሀል 74 ዲግሪ መድረሱን ለማወቅም ቴርሞሜትሩ መሰካቱ አይቀርም።

የጤናው ሥጋት ከዚህ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በጨው፣ በጭስና በመሳሰሉት የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰር ሥጋትን 18 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ገምቷል። ማስረጃው ስለ ዘወትር ልማድ የሚናገር ስለሆነ ከሥጋው ጨርሶ መራቅ አለብን አልልም፤ የበዓል ምግብ ይሁን እላለሁ። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን፣ ሥጋውን ወደ ሌላው ማድረግም ስብ እሳት ላይ እየተንጠባጠበ የሚፈጥረውን ጎጂ ጭስ ይቀንሳል።

ዝናብ መጣ ብሎ የከሰል ምድጃን ወደ ጋራዥ መጎተት ግን ሰው ይገድላል። ከሰል ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ለብሶም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ጋዙም ሽታና ቀለም የለውም። የጋራዡን በር ከፍቶ መተው በቂ አይደለም። አፓርታማ የሚኖርም በረንዳው ላይ ከሰል ማንደድ መፈቀዱን ሳያረጋግጥ ምንም ምድጃ አይግዛ።