«ተኚ፣ አትነሺ» የምንላት እህት



አንድ ወንድም ባለቤቱ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ የታዘዘላትን መርፌ ይዞ ወደምሠራበት ፋርማሲ መጣ። ሊመልሰው ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከአሳማ ነው የሚሠራው ሲሉ ሰማን» አለኝ። ለሐኪሟ ግን አልነገሩም። እሷም «ቁስሉ እንዳይፈታ» ተብላ ለ5 ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

አንዱ ከአላህ ፍራቻ፣ ሌላው ከእናት ፍቅር የመጣ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሕይወት ሊያሳጡ ይችላሉ።

ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋው በተለይ በ3 ምክንያቶች ነው፦ ዝውውሩ ሲዘገይ፣ የደም ሥር ሲጎዳና ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲፋጠን። ካንሰር ደሙን ያፋጥነዋል፤ ቀዶ ሕክምና የደም ሥርን ይነካል፤ መተኛት ዝውውሩን ያዘገያል። በእግር የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ በድንገት ሊገድል ይችላል። አደጋውም ከሆስፒታል በመውጣት አያበቃም፤ ለሳምንታት ይቆያል።

ስለዚህ ሐኪሟ እስከፈቀደላት ድረስ ደግፋችሁ አስነሷት። ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ትራመድ። መነሳት ካልቻለች ተኝታም ቢሆን ቁርጭምጭሚቷን ደጋግማ ታንቀሳቅስ። ካልተከለከለች በቂ ውኃ ትጠጣ።

አሁን ወደ መርፌው እንመለስ። ወንድማችን የሰማው ሐሰት አይደለም። ሄፓሪን የሚባለው መድኃኒት በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ይወጣል፤ ኤኖክሳፓሪንም የሚሠራው ከዚያው ነው። ይህን ከሕመምተኛ መደበቅ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ መፍትሔው በዝምታ ማቋረጥም አይደለም። በመድረሳ እንደተማርነው ሸሪዓችን አማራጭ አጥቶ የተገደደን ሰው አያስጨንቅም። ዑለማዎችም ስለ ዶሩራና ስለ ኢስቲሓላ (አንድ ነገር ተለውጦ ሌላ ስለመሆኑ) ብዙ ተነጋግረዋል። ፈትዋ መስጠት የኔ ድርሻ አይደለም። የኔ ድርሻ ጥያቄውን ይዛችሁ በጊዜ እንድትሄዱ ማሳሰብ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ መርፌው ለእሷ የግድ ነው ወይ? መርፌው ደም መፍሰስንም ሊያስከትል ስለሚችል ለሁሉም ሴት አይታዘዝም። ምትክ አለ ወይ? ፎንዳፓሪነክስ የሚባለው ከእንስሳ የማይወጣ፣ በፋብሪካ የሚቀመም መድኃኒት ነው፤ ግን በየፋርማሲው አይገኝም፣ ኩላሊቱ ለተጎዳም አይሆንም። እግርን እየጨመቀ ደም የሚያዘዋውር መሣሪያስ ይበቃታል ወይ? መልሱን ይዛችሁ ወደምታምኑት ዓሊም ሂዱ። ዓሊሙም የሕክምናውን እውነታ ሲያውቅ ነው በቂ መልስ የሚሰጣችሁ።

ታሞክሲፈን ወይም የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ትናገር፤ ደም የማርጋት ባሕርይ አላቸውና። የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ጥቁር አዝሙድና አስፕሪን የምትወስድ ከሆነም እንዲሁ፤ እነዚህ ደግሞ ደም መፍሰስን ሊጨምሩ ይችላሉ።

አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ፣ ባቷን ካመማትና ከሞቀ በቅቤ አትሹት፣ ወጌሻም አትጥሩ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ያን ዕለት ወንድማችንን ከሐኪሟ ጋር በስልክ አገናኘሁት፤ መርፌውንም ይዞ ተመለሰ። ሆኖም ይህ ንግግር መደረግ የነበረበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነበር። ዱዓ እናደርጋለን፣ ሰበቡንም እናደርሳለን። ለሐኪም አለመናገር ግን ሰበብ ማድረስ አይደለም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ዓፊያ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።